3 ቢሊዮን ከ5 ሺህ ያነሰበት ሰሞን

በትርፍ ጊዜዬ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የምጽፋት ትንሽ ፕሮግራም አለችኝ። ፋይሎችን እየቆጠረች በመጠን ትመድባለች። ሰሞኑን ጉድ አመጣች። 3,000,000,000 ባይት የሆነ ቪዲዮ «ከ5,000 ባይት በታች» ከሚለው ረድፍ ውስጥ አገኘሁት።

በኦ0፣ ማለትም ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚቀይረው ፕሮግራም) ለፍጥነት ሳያሻሽላት፣ ኮምፓይል ሳደርጋት ትክክል ናት። ለራሴ ፕሮሰሰር ተብሎ በኦ3፣ ማለትም ለፍጥነት በጣም እንዲያሻሽላት ታዝዞ፣ ሲሆን ትሳሳታለች። ሉፑ (እየተደጋገመ የሚሠራው ክፍል) ውስጥ አንድ ፕሪንት (ስክሪን ላይ የሚጽፍ ትእዛዝ) ብጨምር ስህተቱ ድራሹ ጠፋ። ፕሪንቱን ሳነሳው ተመልሶ መጣ።

ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው ለማለት ግን አልደፈርኩም። ከዚህ በፊት አንዴ አፍሬያለሁ። ያኔ ሳይንድ ኢንት (ኔጌቲቭም መሆን የሚችል ሙሉ ቁጥር) ከተሰጠው ቦታ ሞልቶ ሲፈስ «ኮምፓይለሩ ቼኬን ሰረዘብኝ» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። በሲ ሕግ ግን እንዲህ ያለው መፍሰስ ትርጉም ያልተሰጠው ነገር ነው፤ ኮምፓይለሩ ጭራሽ አይከሰትም ብሎ መገመት ይችላል። ሪፖርቴ በሁለት መስመር መልስ ተዘጋ።

ስለዚህ አሁን መጀመሪያ ራሴን ፈተሽኩ። ዋርኒንጎቹን ሁሉ ከፈትኩ፣ ሳኒታይዘሮቹን (ፕሮግራሙ ሲሮጥ ስህተት የሚያድኑ መሣሪያዎች) አስሮጥኩ። ምንም የለም። ቁጥሮቹም አንሳይንድ (ኔጌቲቭ የማይሆኑ) ናቸው፤ ሞልተው ቢፈሱ እንኳ ሕጋዊ ነው።

ከዚያ ማሳነስ ጀመርኩ። 900 መስመር ገደማ የነበረውን ኮድ በእጄ ወደ 60 አወረድኩና የቀረውን ለሲ-ሪዱስ ሰጠሁት። ይህ መሣሪያ ኮዱን እየቆራረጠ፣ በየቆረጣው «ስህተቱ አሁንም አለ?» ብሎ እናንተ የጻፋችሁለትን ስክሪፕት ይጠይቃል። የእኔ ስክሪፕት የሚያየው የኦ0 እና የኦ3 ውጤት መለያየቱን ብቻ ነበር። ትቼው ሄጄ ስመለስ 6 መስመር ጠበቀኝ። ደስታዬ አንድ ደቂቃም አልቆየ። ለካ ቫሪያብሉ ዋጋ የሚያገኝበትን መስመር በልቶታል! ሜሞሪ ላይ የተገኘውን ኮተት እያነበበ ውጤቱ ቢለያይ ምን ይገርማል? ስክሪፕቱ ዋርኒንግ ያለበትን ኮድ እንዳይቀበል አደረግኩ፣ ሜሞሪ ሳኒታይዘሩንም ጨመርኩ፣ እንደገና ለቀቅኩት።

11 መስመር ቀረ። አንድ አሬይ (የቁጥሮች ረድፍ)፣ አንድ ሉፕ፣ አንድ «ያንሳል» ምልክት። አሬዩን ከ8 ቁጥር በታች ሳደርገው ስህተቱ ይጠፋል።

ፍንጩ ያ 8 ነው። ኤቪኤክስ2 የሚባለው የፕሮሰሰር ትእዛዞች ስብስብ ባለ32 ቢት ቁጥሮችን ስምንት ስምንቱን በአንድ ትእዛዝ ያወዳድራል። የማበላለጫ ትእዛዙ ግን ሁሉንም እንደ ሳይንድ ነው የሚያያቸው፤ ለአንሳይንድ የሚሆን የለውም። ለዚህ የታወቀ ዘዴ አለ፤ ከማወዳደር በፊት የሁለቱንም ወገን የላይኛውን ቢት መገልበጥ። አሴምብሊውን (ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ትእዛዝ) ስከፍት ግልበጣው የለም። 3,000,000,000 ሳይገለበጥ እንደ ሳይንድ ሲነበብ ኔጌቲቭ 1,294,967,296 ይሆናል። እሱ ከ5,000 ማነሱ አያከራክርም።

ሪፖርቱ ራሱ አጭር ነው። የኮምፓይለሩ ቨርዥን፣ ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፓይል ትእዛዙ ከነአማራጮቹ፣ 11ዱ መስመሮች፣ «0 መውጣት ሲገባው 1 ወጣ»። በኮምፓይለር ኤክስፕሎረር (ኮምፓይለሮችን መሞከሪያ ድረ ገጽ) ቨርዥን እያቀያየርኩ ስለሞከርኩ «የቀድሞው ቨርዥን ትክክል ይሠራል» የምትል አረፍተ ነገር ጨመርኩ። እንደ እኔ ከሁሉም የጠቀመችው እሷ ናት። ግልበጣው ጠፋ የሚለውን ግምቴን ከሥር ለብቻው አስቀመጥኩት፤ ብሳሳት ሌላውን እንዳያበላሽብኝ። ርዕሱን መጀመሪያ «ከባድ ስህተት!!!» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ደግነቱ ሳልልከው ሰረዝኩት።

በማግስቱ ከኮምፓይለሩ አዘጋጆች አንዱ አረጋገጠልኝና ስህተቱ የገባበትን ኮሚት (የኮድ ለውጥ) ለይቶ ጻፈ። ማስተካከያው ገብቷል፤ 11ዱ መስመሮቼም ከቴስቶቻቸው ጋር ተቀላቅለዋል። እኔ የምጠቀምበት ቨርዥን ግን ገና አልደረሰውም። እስከዚያው ያንን አንድ ፋይል ዝቅ ባለው የማሻሻያ ደረጃ፣ በኦ1 ነው የማወጣው። ሜክፋይሉ (የኮምፓይል መመሪያው ፋይል) ላይ ከጎኑ «እንዳትነካው!» የሚል ኮመንት አለ፤ ለራሴ የጻፍኩት።