ክንፍ ያለው እባብ

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው የምሠራው። ምጣድ፣ ቦይለር፣ የተቃጠለ ሶኬት፣ በቃ ሥራዬ ይሄው ነው። አንድ ነጋዴ ደንበኛ አሉኝ ግን፣ ሳሎናቸው ውስጥ 240 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለ፣ የሱን ነገር ሁሌም የሚጠሩት እኔን ነው፣ የውሃ ማሞቂያው ሂተሩም፣ ማጣሪያው ፊልተሩም፣ መብራቱም በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ መሰለኝ። ውስጡ ያሉት እነዚያ የተለመዱት ወርቃማዎቹ እንዳይመስሏችሁ፣ ሮፕፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦች ናቸው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲዋኙ የሚጥመለመሉ፣ ጀርባቸው ላይ ትናንሽ ክንፎች በመስመር የቆሙላቸው። አገራቸው ምዕራብ አፍሪካ ነው፣ ናይጄሪያ ቤኒን ካሜሩን፣ ሣር የበዛበት ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ውስጥ። ዘመዳቸው ግን እኛም ጋ አለ፣ ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ውስጥ ያለው ቢቺር የሚባለው ዓሣ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ገና ሳይነጋጋ ስልኬ ጮኸ። ሰውየው ናቸው። «ሌሊት መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር፣ አሁን ፊልተሩ ይንጫጫል፣ ናና እየው፣ ደሞ ስትመጣ ወጥ ቤት እባብ ገብቷል፣ ዘበኛው ሊገድለው ነው፣ እንዳትደነግጥ» አሉኝ። እባብ በዚህ ውርጭ? ሸዋ ሮቢት ቢሆን እሺ፣ ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ሰው እንኳ ከብርድ ልብሱ አይወጣም። ሁለቱ ነገር አንድ መሆኑ ሞተር ላይ እንዳለሁ ነው የገባኝ፣ ሹፌሩን ንዳው ንዳው እያልኩ ደረስኩ።

ስገባ ሠራተኛዋ ወንበር ላይ ቆማ በማርያም በማርያም ትላለች፣ ዘበኛው ደግሞ የመንዝ ሰው ናቸው፣ ዱላቸውን ወደ ላይ አንስተው የዱቄት በርሜሉ ሥር አነጣጥረዋል።

«አባባ ቆይ ቆይ!»

«ምኑን ቆይ ትለኛለህ ልጄ፣ እባብ እኮ ነው።»

«ክንፍ ያለው እባብ አይተው ያውቃሉ? እስቲ ጎንበስ ብለው ይዩት።»

ጎንበስ አሉ። ዱቄትና አቧራ ተለውሶበት ነው እንጂ ከጭንቅላቱ ኋላ ግራና ቀኝ ትንንሽ ክንፎች አሉት፣ አፍንጫው ላይ ደግሞ ሁለት ቱቦ የሚመስሉ ነገሮች። ይተነፍሳል። ይሄ ዓሣ ሳንባ ስላለው ሰውነቱ ርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውሃ ውጪ ቶሎ አይሞትም፣ ሌላ ዓሣ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ አብቅቶለት ነበር። ፎጣ በራሱ በአኳሪየሙ ውሃ አርሼ ጠቅልዬ አነሳሁት።

እዚህ ጋ ሰውየው ተቻኩለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ሊከቱ ሲሉ ጮህኩባቸው። ሂተሩ እንደተሰካ ነው፣ ዲቫይደሩ ደግሞ ከአኳሪየሙ ሥር ወለል ላይ ተጋድሟል፣ ዙሪያው ውሃ ጠብ ጠብ ብሎበታል። የሂተር መስታወት ተሰንጥቆ ቢሆንስ? ሁሉንም ነቅዬ ነው ዓሣውን የመለስኩት። እጅ ከመግባቱ በፊት ሶኬት ይነቀላል፣ ይሄን ለደንበኛ ሁሉ ስናገር ምላሴ አልቋል። ገመዱም ቢሆን ከአኳሪየሙ ወርዶ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ከዚያ መልሶ ወደ ላይ መውጣት አለበት፣ ያኔ በገመዱ ላይ የሚወርደው ውሃ ታች መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ዲቫይደሩን ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት።

ከዚያ የወጣበትን ፈለግን። ክዳኑ ደህና ነው፣ ከባድ መስታወት ነው፣ ግን ጥግ ላይ የሂተር ገመድና የፊልተር ቱቦ እንዲያልፍ ሁለት ጣት የምታህል ተቆርጣለች። በዚያች ነው የወጣው። የዚህ ዓሣ ነገር ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል ነው። ማታ ደግሞ ሰውየው ውሃውን እስከ አፉ ሞልተውት ነበር፣ ደረጃ ሠሩለት ማለት ነው፣ ቱቦውንም ሲወጣ ሳይገፋው አልቀረም፣ ፊልተሩ የተንጫጫው አየር እየሳበ ነው።

«በቃ ሲሊኮን አምጣና ቀዳዳውን ሁሉ ድፈንልኝ፣ ውሃው ይሙላ፣ ክዳኑን ግጥም አድርግና ያብቃ» አሉ።

«ጋሼ እንደሱ ካደረግን ይሰጥማል።»

«ማን?»

«ዓሣው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ሠራተኛዋ ሁላ ከወንበሩ ወርዳ ሳቀች። ቀልድ ግን አይደለም። ሮፕፊሽ ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት ጊል ቢኖረውም ብቅ እያለ አየር መጎንጨት አለበት፣ በክዳኑና በውሃው መሀል ክፍተት ከሌለ ታፍኖ ይሞታል። ውሃውን አንድ ስንዝር ያህል ቀነስኩት፣ ቀዳዳዋን ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ስፖንጅ በገመዱ ዙሪያ ጠቅጥቄ ዘጋሁ፣ ከላይ ደግሞ አየር እንዲያልፍ አንድ ጥግ ላይ ጠንካራ ወንፊት ገጠምኩ። ክዳኑ ሥር የሚቀረው አየር ሞቅና ርጥብ ብሎ መቆየቱም ጥሩ ነው፣ ሳሎኑ ሌሊት እንደ ፍሪጅ ነው የሚሆነው።

የብርዱ ነገር ነው ዋናው ጣጣ። ይሄ ዓሣ የሚፈልገው ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ነው፣ እኛ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ባለ 300 ዋት አንድ ሂተር ነበር፣ አውጥቼ ሁለት ባለ 150 አደረግሁት፣ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይይዛል፣ አንዱ ሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ቴርሞስታቱ፣ ተጣብቆ አልጠፋ ቢል ደግሞ ውሃውን በአንዴ አይቀቅለውም። መብራት ሲሄድስ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ለአየር ፓምፕ ነው። እርግጥ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፣ ሌላ ዓይነት ዓሣ ላለው ሰው ያ እውነት ነው፣ ለነዚህ ግን አየሩን ከላይ ስለሚወስዱ ቀድሞ የሚጎዳቸው ብርዱ ነው። ስለዚህ ብርድ ልብስ! ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ እየኖርን ምን ይጨንቀናል፣ ሦስቱን ጎን በወፍራሙ ሸፍኖ፣ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጎ ከላይ ማንሳፈፍ ነው፣ ቀስ እያለ ሙቀቱን ይለቃል። ጠርሙሱን ስትጨምሩ ክዳኑን መልሶ መግጠም አይረሳ እንጂ።

ምግቡን በተመለከተ ሰውየው ቀን ቀን ደረቅ ምግብ ይበትኑላቸው ነበር፣ አይነኩትም። የሌሊት ዓሣ ነው፣ ዓይኑ ደካማ ነው፣ ምግቡን በማሽተት ነው የሚያገኘው፣ ትል ይወዳል። ዘበኛው በሬሳ ወንዝ አጠገብ ጎመን የሚተክሉባት ቦታ አለቻቸው፣ መድኃኒት አይረጩባትም፣ የመሬት ትል ከዚያ ማምጣት ጀመሩ። ሌሊት ነቅተው የሚያድሩትም እሳቸው ስለሆኑ የአኳሪየሙ መብራት ሲጠፋ መመገቡ የሳቸው ሥራ ሆነ፣ ትንሽ የኪስ ብርም ተጨመረላቸው።

ሌላ ቀን ሂተሩን ለማየት ብቅ ስል ዘበኛው ወደ ጥግ ጎትተው ወሰዱኝ።

«ልጄ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኦሪት ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብላ ይላል፣ ይሄ ሁለቱም አለው፣ አይቼዋለሁ። ግን ሳንባ አለው ብለኸኛል። እና ጾም ነው ፍስክ?»

የነቢያት ጾም ውስጥ ነን፣ ጥያቄው ቀላል አይደለም። የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ አልኳቸው። ሰውየው ከሳሎን ሰምተው ኖሮ «ማንንም አትጠይቁ፣ የኔን ዓሣ ማንም አይበላም!» እያሉ መጡ።