ከእንጦጦ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል

አዲሱ ገበያ ታክሲ መውረጃው አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሊስትሮ አለ። ባለፈው ክረምት ጫማዬን ገና ከሩቅ ሲያየው "ሱሉልታ ሌሊቱን ዘንቧል ማለት ነው" ይለኝ ነበር። እሱ ዘንድ ፀሐይ ነው፤ ከተራራው ወዲያ ያለውን አየር የሚያነበው ከእግራችን ላይ ነው። የኛ ሰፈር ኮትቻ እንደ ሌላ ጭቃ ተራግፎ አይወርድም፣ ጫማ ላይ ሌላ ጫማ ሠርቶ ይመጣል። ነሐሴ ላይ ነው ብልጠቱ የገባኝ፦ እስከ አስፋልቱ በቦቲ፣ ከዚያ ቦቲውን ዳር ላለችው ሱቅ አደራ፣ ጫማውን ከፌስታል አውጥቶ መቀየር። ሊስትሮው እስከ ዛሬ የቀየርኩት ሰፈር ይመስለዋል።

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ጥረዛ ክፍል ነው። ድሮ ቀጨኔ ነበርኩ። አከራዬ "ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን ልቀቂልኝ" አሉኝ፤ ለቀቅኩ። በሁለተኛው ሳምንት ዕቃ የረሳሁ መስዬ ብሄድ ሙሽራው የለም፣ የማላውቃት ተከራይ በሩ ላይ ድንች ትልጣለች።

በጥቅምት 2017 ሱሉልታ የወሰደኝ ደላላ የሦስት ወር ቅድሚያ አለኝ። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ከሁለት ወር በላይ አይጠየቅም እንደሚል ነገርኩት። "እህቴ፣ እንግዲያው አዋጁን ተከራዪው" አለኝ። ተከራክሬ ሁለት ወር አደረግኩት። የሱ ኮሚሽን ሲደመርበት ሦስተኛው ወር ሞላ።

ክፍሏ በ3,800 ብር ሦስት በአራት የሆነች የብሎኬት ሰርቪስ ናት። አምስት ተከራዮች ነን፣ ሽንት ቤት አንድ፣ ቆጣሪ አንድ። ባለቤቷን ሁላችንም አዴ ነው የምንላቸው፤ እሳቸው እኔን ኢንተላ፣ በኦሮምኛ ልጅት፣ ይሉኛል። ቁልፉን ሲሰጡኝ ሕጉን በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ፦ ምጣድ የለም፣ ስቶቭ የለም፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም። ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ካልመጣም እሳቸውን እንዳልጠይቅ።

ስለ ብርዱ ግን አልነገሩኝም። የኅዳር እሑድ ማታ ነጠላዬን አጥቤ ገመድ ላይ ረስቼው አደርኩ። ጠዋት ላወርደው ስይዘው አልታጠፍም አለኝ። በእጄ እንደያዝኩት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጥለቱ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ውርጭ አለ። ወደ አፌ የመጣው የሙያዬ ነገር ነበር፦ ይሄ እኮ ለሽፋን የሚሆን 300 ግራም ወረቀት ወጥቶታል! ፀሐይዋ ግንቡን እስክታልፍ ጠበቅኩት። መጀመሪያ ጠርዙ ለዘዘ፣ ከዚያ መሃሉ፣ ከዚያ እንባ እንደያዘው ሰው ቶሎ ቶሎ ማንጠባጠብ ጀመረ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ሙቀት ወርደው አዲስ አበባን ቆረቆሩ። እኔ ከመቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ሻንጣዬን ይዤ ተራራውን ወደ ብርዱ ተሻገርኩ።

ተራራው ከአየር ሌላም የሚከፍለው ነገር አለ። ይህን የተማርኩት ስጠርዘው ከነበረ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው፤ ገጽ ማንበብ ሥራ ያዘገያል ብለው ይቆጡናል እንጂ እኔ አነባለሁ። አራት ኪሎ ማተሚያ ቤቱ ጣሪያ ላይ የወረደ ዝናብ በቀበና አድርጎ አቃቂ ይገባና አዋሽን ይከተላል። የአዴ ቆርቆሮ ላይ የወረደው ግን ወደ ሲቢሉ፣ ከዚያ ወደ ሙገር፣ ከዚያ ወደ ዓባይ። በዚያ ሰሞን የልብስ ማጠቢያ ውሃ በደፋሁ ቁጥር ዓባይ ላይ መዋጮ የጨመርኩ ይመስለኝ ነበር።

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ አስፋልቱ ዳር ታክሲ ስንጠብቅ አትሌቶቹ ያልፋሉ። ቀነኒሳ የሩጫ ማሠልጠኛውን እዚህ የሠራው ለከፍታው ነው፤ ከ2,600 ሜትር በላይ ነን። እነሱ እያወሩ፣ አንዳንዴም እየሳቁ ይሮጣሉ። እኔ የታክሲው በር ሳይዘጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ሮጬ እስከ ድል በር ድረስ ትንፋሼ አይሰበሰብም።

ወንድሜ አንድ ቀን ደብተር አውጥቶ ደመረልኝ። ታክሲ፣ ከሰል፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የተገዛ እንጀራ። ቀጨኔ ብቆይ ከምከፍለው የማተርፈው በወር 900 ብር ገደማ ሆነ። "ለዚህ ነው በሌሊት የምትነሺው?" አለኝ። ምን እንደምመልስለት አጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በሬን ስከፍተው ላም እስከ አጥሩ መጥታ እንደምታየኝ፣ አዴ ደግሞ ብርጭቆ እርጎ ይዘው "ኢንተላ፣ ከሳሽ" እያሉ እንደሚገቡ ደብተሩ ላይ የት ይጻፋል?

ባለፈው ወር ያው አዴ እርጎ ሳይዙ መጡ። ኑሮ ተወዷል፣ 500 ብር ጨምሪ። ውላችን ሁለት ዓመት ነው፣ አዋጁም... ብዬ ስጀምር ቀና ብለው አዩኝና የደላላው አነጋገር ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ። ቡና አፈላሁ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ዋጋው 300 ሆነ። ሦስተኛው ላይ እኔ ደፈርኩ፦ 300ው ይሁን፣ ግን በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ምጣድ ልሰካ። አሰቡበት፤ ቆጣሪውን በሩቁ አዩት። "እህ" አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ሊጡን ሐሙስ አቡክቼ ቅዳሜ ጠዋት ምጣዱን ጣድኩ። ጎረቤቶቼ በር ላይ ተሰብስበው የመጀመሪያውን እየተሻሙ በሉት። አራተኛውን አስፍቼ አክንባሎውን እንደከደንኩ መብራት ጠፋ።