የድሮዎቹን የባስ ሉሮች አድሼ ወደ ውሃ እንዴት እንደመለስኳቸው

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የትኛውም የአሳ ማጥመጃ እቃ መሸጫ ብትገቡ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የፕላስቲክ ትል ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ከእውነተኛ አሳ የማይለዩ ዋጋቸው የሚያስደነግጥ ሉሮች (መንጠቆ ያለባቸው የአሳ ማታለያዎች) ተደርድረዋል፣ ጂተርባግ የምትባለዋ የድሮ ሉር አለቻችሁ ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ ደሞ ወጣቱ ሻጭ ትንሽ ያስብና ታች ጥግ ላይ ወዳለች አንዲት መስቀያ ይጠቁማችኋል። ጂተርባግ እኮ በአንድ ወቅት ባስ የሚባለውን አሳ የሚያጠምድ ሰው ሳጥን ውስጥ የማትጠፋ ሉር ነበረች! ይሄ ነገር ከልቤ ይቆጨኛል። ስለዚህ ካለፉት ጥቂት አመታት ወዲህ የድሮ ሉሮችን ሰው ያገለገለ የቤት እቃ ከሚሸጥባቸው ከየኢስቴት ሴሉና ከየያርድ ሴሉ እየለቀምኩ፣ እያደስኩ፣ ግድግዳ ላይ ሳልሰቅል ውሃ ላይ እየወረወርኳቸው ነው፣ እንዴት እንዳደረግኩትና ምን እንደተማርኩ ልንገራችሁ።

ባስን ለማታውቁት፣ ላርጅማውዝ ባስ ማለት አፉ ሰፊ፣ ጎኑ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ያለው አረንጓዴ አሳ ነው፣ እዚህ ቨርጂኒያ በየኩሬው በየሀይቁ አለ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይም ሞልቷል። አድብቶ የሚያጠቃ አሳ ነው። ሳር ውስጥ ወይ የወደቀ ግንድ ስር ቆሞ ይጠብቅና እንቁራሪትም ትሁን ትንሽ አሳ አጠገቡ ስታልፍ በአንድ ጊዜ ይውጣታል። ሉር ደሞ እሱን ለማታለል ከእንጨት ወይ ከብረት ወይ ከፕላስቲክ የሚሰራ መንጠቆ ያለበት ነገር ነው።

እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገና ልጅ ሆኜ ነው፣ ማጥመድ ያስተማሩኝ ከኛ ፊት ለፊት የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ሳጥናቸው አረንጓዴ ብረት ነበረ፣ ክዳኑ ሲነሳ በውስጡ ያሉት መደርደሪያዎች እንደ ደረጃ እየተዘረጉ ይወጣሉ፣ የማሽን ዘይትና የአሮጌ ላስቲክ ሽታ አለው። ከሳጥኑ ጎን በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ የአሳማ ቆዳ በብልቃጥ ይይዙ ነበር፣ አንክል ጆሽ የሚባለው፣ በእንቁራሪት ቅርፅ ተቆርጦ ጂግ የሚባለው ክብደት ያለው መንጠቆ ላይ የሚሰካ። እናቴ አሳማ እንደማንነካ አንድ ቀን ነገረቻቸው፣ ከዛ በኋላ እሳቸው ያንን ብልቃጥ እኔ እንድከፍት ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ሁልጊዜ ራሳቸው ሰክተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ዘንጉን ብቻ ያቀብሉኝ ነበር። የዛን ሰውዬ ጨዋነት እስከዛሬ አልረሳውም። ያ የአሳማ ቆዳ ራሱ ከ1922 ጀምሮ ዊስኮንሰን ፎርት አትኪንሰን ውስጥ ሲሰራ ቆይቶ በ2015 መጨረሻ አካባቢ ቆመ፣ የሚሆን ወፍራም ቆዳ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፣ ፈላጊውም ወደ ፕላስቲክ ሄደ።

እነዚህ ሉሮች ከየት እንደመጡ ማወቅ ለማጥመዱም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ጄምስ ሄደን የሚባል የሚሺጋን ንብ አናቢ በ1890ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ዶዋጃክ በምትባል ከተማ የእንጨት እንቁራሪት እየጠረበ ለወዳጆቹ ይሰጥ ነበር፣ ከዛ የተነሳው ቤተሰብ ነው በኋላ እነ ላኪ 13 እና ዛራ ስፑክ የሚባሉትን ሉሮች ያወጣው። ኢንዲያና ጋሬት ከተማ ደሞ ክሪክ ቸብ የሚባል ድርጅት ነበረ። የነሱ ሉር አፉ ላይ የብረት ምላስ አለው፣ ሲጎተት ውሃውን ይመታና ወደ ታች ይጠልቃል፣ እየተወዛወዘ ማለት ነው። ገላው ላይ ያለውን ቅርፊት እንዴት እንደሳሉት ታውቃላችሁ? ቀጭን መረብ ያለብሱትና ቀለሙን በላዩ ይረጩበታል፣ መረቡ ሲነሳ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ታትሞ ይቀራል። እኔ ጋ ያለችውን ፓይኪ የምትባል የነሱን ሉር በማጉያ መነፅር ሳያት አንድ ጎኗ ላይ መረቡ ትንሽ ታጥፎ ቅርፊቶቹ የተደራረቡበት ቦታ አለ፣ የአንድ ሰራተኛ እጅ እዛ ላይ ይታያል፣ ይሄንን ከዛሬዎቹ ፋብሪካዎች አታገኙትም።

ጂተርባግን ያወጣው ፍሬድ አርቦጋስት ነው፣ ኦሃዮ አክሮን፣ በ1938። ፊቷ ላይ ሰፊ የብረት ሳህን አለ፣ ስትጎተት ግራ ቀኝ እየተንገዳገደች ውሃው ላይ ፕሎፕ ፕሎፕ እያለች ነው የምትመጣው። በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ብረት ለጦርነቱ ስለተፈለገ ያንን ሳህን ከፕላስቲክ ይሰሩት ነበር፣ ሰብሳቢዎች ዛሬ እነዛን ነው የሚያሳድዱት። ሁላ ፖፐርም የሱ ናት፣ አፏ ጎድጎድ ያለ፣ ከኋላዋ የላስቲክ ቀሚስ ያላት።

የአለም ትልቁን ባስ ሪከርድስ? ጆርጅ ፔሪ የሚባል የጆርጂያ ገበሬ ልጅ ሰኔ 2 ቀን 1932 በፈረንጆቹ፣ ሞንትጎመሪ ሌክ ላይ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ባስ አወጣ፣ ወደ 10 ኪሎ ማለት ነው። የተጠቀመው የክሪክ ቸብ ሉር ነው፣ አሳውንም ወስደው ቤተሰቡ በላው። ጊዜው የኢኮኖሚው ቀውስ ዘመን ነበርና ማን ይፈርዳል! እስከ 2009 ማንም አልደረሰበትም፣ ያኔ ማናቡ ኩሪታ የሚባል ጃፓናዊ ቢዋ ሀይቅ ላይ አንድ አውንስ የማይሞላ ብልጫ ያለው አሳ አጠመደ፣ ግን በህጉ መሰረት ቢያንስ 2 አውንስ መብለጥ ስላለበት እኩል ተባለ። እሱ ደሞ ያጠመደው በህይወት ባለ ትንሽ አሳ ነው፣ በሉር አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ነገር ለምን ተረሳ? ብዙ ሰው አዲሱ ስለሚሻል ነው ይላል። እኔ ግን አልስማማም። በ1949 እዛው አክሮን ውስጥ ኒክ ክሪም የሚባል ሰው ለስላሳውን የፕላስቲክ ትል ሰራ፣ እሱ ርካሽ ነው፣ ሳር አይዘውም፣ እውነት ለመናገር ብዙ አሳም ያጠምዳል። በ1967 ደሞ ሬይ ስኮት ቢቨር ሌክ አርካንሶ ላይ ውድድር አዘጋጀ፣ በማግስቱ አመት ባስ የሚባለውን የአጥማጆች ማህበር መሰረተ፣ ከዛ በኋላ የባስ ማጥመድ ባህል በሙሉ የውድድር ባህል ሆነ። ተወዳዳሪ በተወሰነ ሰአት ውስጥ ብዙ ውሃ መፈተሽ አለበት፣ ጀልባው ፈጣን ነው፣ ስር ያለውን የሚያሳይ ሶናር አለው፣ እሱ ጂተርባግ ይዞ አንድ ጥግ ላይ እየተንፏቀቀ አይውልም። ተራው ሰው ደሞ ተወዳዳሪው የያዘውን ገዛ። አሳው ግን ያው አሳ ነው፣ እኔና እናንተ ማታ ከስራ ወጥተን ሁለት ሰአት ለምናጠምድ ሰዎች የውድድሩ ሰአት ምን አገባን?

ወደ ስራው ልግባ። መጀመሪያ ሉር ስታገኙ መንጠቆ ለመቀየር አትቸኩሉ። የመስታወት አይን ያለው የእንጨት ሉር ከነካርቶኑ ካገኛችሁ ቁጭ አድርጉት፣ ለሰብሳቢ ብዙ ያወጣል፣ ውሃም ይጎዳዋል። እኔ የማድሰው ቀለሙ የተጫጫረ፣ የተነከሰ፣ ሰብሳቢ የማይፈልገውን ነው። ለብ ባለ ውሃና በጠብታ የእቃ ሳሙና በጆሮ ኩክ መጥረጊያ ቀስ አድርጌ አጸዳዋለሁ። አሴቶን በፍጹም አይነካውም፣ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ብርጭቆ ወረቀትም አታስነኩት፣ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙ ለጤና ጥሩ አይደለም።

እንጨቱ የተሰነጠቀበት ወይ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ካለ ውሃ ይመጥና ይከብዳል፣ ያበጠው እንጨትም የቀረውን ቀለም ገፍቶ ያፈርሰዋል፣ ስለዚህ በደንብ ካደረቅኩት በኋላ ቀለም የሌለውን የጥፍር ቀለም ሁለት ሶስት ጊዜ እቀባበታለሁ። መንጠቆው የሚንጠለጠልበት ቀለበት ያለው ብሎን ከላላ ቀዳዳው ውስጥ ስቴኪኒ ከእንጨት ሙጫ ጋር ከትቼ እቆርጠውና ሲደርቅ ብሎኑን መልሼ አጠብቀዋለሁ፣ ይሄ ዘዴ ሁሌም ይሰራል።

መንጠቆው ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የድሮ ሉር የተሰራው በድሮ መንጠቆ ክብደት ተመዝኖ ነው። ዘመናዊው ባለ ሶስት ጥርስ መንጠቆ ሹል ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ወፈር ያለውን ከሰካችሁበት ሉሩ ፊቱን ይደፋል ወይ ጎኑን ይሰጣል። ስለዚህ የድሮውን አውጥቼ ሉሩ የተገዛበት ወር በተጻፈበት ትንሽ ፖስታ አስቀምጥና ተቀራራቢ መጠን ያለው ቀጭን ሽቦ መንጠቆ እሰካለሁ፣ ከዛ ባኞ ገንዳ ሞልቼ እጥለዋለሁ። ሁላ ፖፐር ጭራዋ ትንሽ ዘቅ ብሎ አፏ ቀና ማለት አለበት፣ እንደዛ ካልሆነች ውሃውን አትተፋም። ጂተርባግ ደሞ አንድ ወገን ብቻ እየጎተተች ከሄደች ብረቷን በፒንሳ ትንሽ ብቻ ወደ ሌላው ወገን ማጠፍ ነው፣ በጣም ትንሽ! የሁላ ፖፐር ቀሚስ በሙቀት ቀልጦ ተጣብቆ ከተገኘ አትታገሉት፣ አዲስ ቀሚስ ለብቻው ይሸጣል። የላስቲክ ቀሚስንም ሆነ የፕላስቲክ ትልን ቀለም ካለው ሉር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ፣ ቀለሙን ያቀልጠዋል።

ላይኑ፣ ማለትም የማጥመጃው ክር፣ ሞኖ የሚባለው የናይለን ክር ይሁን፣ 12 ወይ 15 ፓውንድ የሚችል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ይሰምጣል፣ ሲሰምጥ የሉሩን አፍንጫ ይዞት ይወርዳል፣ ከውሃ በላይ የምትሰራ ሉር ላይ እሱን ማሰር ልፋት ነው። ቋጠሮውንም ጥብቅ አድርጌ ሳይሆን ሉሩ እንዲወዛወዝ ቀለበት ትቼ ነው የማስረው።

አሁን ዋናው፣ ማጥመዱ። ሁላ ፖፐርን ወርውሩና ተዉዋት። ስታርፍ የምትፈጥረው ክብ ሞገድ እየሰፋ ሄዶ ጠፍቶ ውሃው መስታወት እስኪሆን ድረስ አትንኩ፣ ሽማግሌው ሁልጊዜ ሲጋራ ለኩስና ሁለቴ ሳብ ከዛ በኋላ ጎትት ይሉ ነበር፣ እኔ ባላጨስም መልእክቱ ገብቶኛል። ከዛ አንዴ ብቻ ቆንጠር፣ ፖፕ፣ እንደገና ዝም። ባሱ ብዙ ጊዜ የሚመታው ዝም ባለችበት ሰአት ነው። ጂተርባግ ግን በተቃራኒው እንድትቆም አትፈልግም፣ ቀስ ብላ ሳታቋርጥ ምቷን ጠብቃ ትምጣ፣ በጨለማ አሳው በድምጿ ነውና የሚያነጣጥረው ካቆማችኋት ይስታታል። ለማታ ጥቁሯን ነው የምመርጠው፣ ከታች ወደ ላይ ሲታይ ከሰማዩ ጋር ጥላዋ ጎልቶ ይወጣል። ያለኝ ትልቁ ምክር፣ ውሃው ሲፈነዳ ዘንጉን አትንጠቁ! የአሳው ክብደት እጃችሁ ላይ እስኪሰማችሁ ጠብቁ፣ ድምፁን ሰምቶ የሚነጥቅ ሰው ሉሩን ከአሳው አፍ ላይ ነው የሚያስጥለው።

እዚሁ ቨርጂኒያ በርክ ሌክ ዳር አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጂተርባጓን ስጎትት አንድ አርባ ምንጭ ያደጉ አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር ቆመው ያዩኝ ነበር። ጫሞ ላይ መረብ ሲጣል እያዩ ነው ያደጉት።

"ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ጫጫታ አሳውን አያባርረውም እንዴ?"

"አይ ጋሼ፣ እንዲሰማ ብዬ ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ።"

ሳሩ ጠርዝ ጋ ስትደርስ ውሃው ተሰነጠቀ፣ ልጅቷ ጮኸች፣ ጋሼ ደሞ ራሳቸው ወደ ውሃው ሁለት እርምጃ ገቡ። ጥሩ አሳ ነበረች፣ ሆዷ የሰፋ። ስለቃት ግን ፊታቸው ተቀየረ። "ታዲያ ምነው ለቀቅካት? ጥብስ አትሆንም?" አሉኝ። ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸው ጋሼ፣ እንቁላል ትጣል ብዬ ነው ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና "እሱስ ልክ ነህ" አሉ። ከዛ ጂተርባጓን ተቀብለው እያገላበጡ ያዩዋት፣ ብረቷን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ማን እንደሰራት ጠየቁኝ። የፕላስቲክ ትል ይዤ ቢሆን ኖሮ ይሄንን የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም።

ፕላስቲኩን ጨርሶ ጣልኩት እያልኩ አይደለም። በጠራራ ፀሀይ ሀምሌ ላይ አሳው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጂተርባግ ምንም አትፈይድም፣ ያኔ ትል ነው የሚሰራው። ንፋስ ሲበዛም ሁላ ፖፐር ትጠፋለች፣ እሷ የምትፈልገው ረጋ ያለ ውሃ ነው። ላኪ 13 ግን ትንሽ ሞገድ ባለበትም ጥሩ ትሰራለች፣ ሰው የዘነጋት ናት። ክሪክ ቸብ ፓይኪ ደሞ ጸደይ ላይ ከሳሩ ጎን ለጎን ቀስ ብላ ስትጎተት ዛሬም ድንቅ ናት።

መጀመር ለምትፈልጉ አሮጌ ፍለጋ መንከራተት ግዴታ አይደለም። ጂተርባግም ሁላ ፖፐርም ዛራ ስፑክም ዛሬ አዲስ እየተሰሩ ይሸጣሉ፣ ሱቁ ውስጥ የት እንዳሉ ነግሬያችኋለሁ፣ ታች ጥግ ላይ። 16 አመትና ከዛ በላይ ከሆናችሁ የቨርጂኒያ የማጥመጃ ላይሰንስ አውጡ፣ ጥቁሯን ጂተርባግ ግዙ፣ ሞኖ ላይን እሰሩባት፣ ነሀሴ ላይ ፀሀይ ልትጠልቅ ስትል ሳር ያለበት ዳርቻ ፈልጉና ትይዩውን ወርውሩ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ይቺ ሉር ስትመጣ ከሩቅ ስለምትታይና ስለምትሰማ ልጅ አይሰለችም።