የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ከተመረቀ በኋላ

በትምህርት ቤቶች የውኃና የንጽሕና ጉዳይ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ስንት መጸዳጃ ቤት ተሠራ፣ ስንት ቧንቧ ተዘረጋ ብለን ነው። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ አንዲት ተማሪ ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ገብታ ልትጠቀምበት ትችላለች ወይ የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የሚያካሂዱት ክትትልም የሚመዝነው በዚሁ ነው፦ መጸዳጃ ቤቱ ለወንድና ለሴት የተለየ፣ የማይቆለፍባቸው፣ የሚሠራና ከውስጥ የሚዘጋ መሆን አለበት፤ የእጅ መታጠቢያም ውኃ ኖሮት ሳሙና ከሌለው መሠረታዊ አገልግሎት አይባልም።

በገጠር ፈተናው ከውኃው ምንጭ ይጀምራል፤ የእጅ ፓምፕ የተተከለለት ትምህርት ቤት እንኳ አንድ ትንሽ መለዋወጫ በቅርብ ባለመገኘቱ ለወራት ሊቸገር ይችላል። መጸዳጃው ግን ያለ ውኃም ሊሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዚምባብዌ የተቀየሰው የአየር ማስወጫ ቱቦ ያለው የጉድጓድ መጸዳጃ ሽታውን በነፋስ ኃይል ወደ ላይ ይስባል፤ ብርሃን ተከትለው ወደ ቱቦው የሚወጡትን ዝንቦች ደግሞ አናቱ ላይ ያለው ወንፊት ያስቀራቸዋል። ወንፊቱ ሲቀደድ የሚተካው ሰው ከሌለ ግን ይህ ሁሉ ጥበብ ከንቱ ነው።

በከተማ ደግሞ ውኃው በፈረቃ ይመጣል፤ በውኃ የሚለቀቀው መቀመጫ ውኃ በጠፋ ዕለት ከጉድጓዱ የባሰ ይሆናል። የተማሪው ብዛትም ሌላ ሸክም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያ ለ25 ሴቶች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መቀመጫና የሽንት መሽኛ ይላል። በዚህ ስሌት 1,000 ሴት ተማሪዎች 40 መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል፤ ስምንት ብቻ ካላቸው ግን አንዱ ለ125 ሊደርስ ነው፣ አጭሩ የዕረፍት ጊዜም ተሰልፈው ሳይገቡ ያልቃል።

ይህ ከሁሉ የሚከብደው የወር አበባ ላይ ላለች ልጅ ነው። እሷ የሚያስፈልጋት የሚዘጋ በር ብቻ ሳይሆን እዚያው ውስጥ ውኃ፣ የተጠቀመችበትን የምትጥልበት ክዳን ያለው ዕቃና ማንም ሳያያት የሚወገድበት መንገድ ጭምር ነው። እነዚህ በሌሉበት አንዳንዷ ትቀራለች፤ ሌላዋ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ስትል ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። ይህን የመሰለውን መከራ የትኛውም የግንባታ ሪፖርት አይመዘግበውም።

መጸዳጃ ቤት ማጽዳትን ለተማሪ ቅጣት ማድረግም ቢቀር እላለሁ፤ ልጁ ንጽሕናን ከውርደት ጋር አያይዞ እንዲያድግ ያደርገዋልና። ሥራው ደመወዝ የሚከፈለው፣ ጓንትና ቦቲ ጫማ የተሰጠው ሠራተኛ ይፈልጋል።

የግንባታ ገንዘብ ከለጋሽም ሆነ ከመንግሥት የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ የሳሙናው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝና የጉድጓዱ ማስመጠጫ ግን በየዓመቱ የሚመለስ ወጪ ነው። ስለዚህ አዲስ መጸዳጃ ቤት ሲታቀድ እነዚህ ወጪዎች በትምህርት ቤቱ የሥራ ማስኬጃ በጀት ውስጥ ከነኃላፊው ስም እንዲሰፍሩ የወላጅ ኮሚቴዎች ግንባታው ሳይጀመር ሊጠይቁ ይገባል።