ፊርማው የእሳቸው ነበር

ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። አንዲት እናት ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። "ጥርስ ላስተክል ከገንዘቤ ትንሽ ፈልጌ ነበር። ቅጣት አለው አሉኝ። የራሴን ገንዘብ ላወጣ የምቀጣው ምን አጥፍቼ ነው ልጄ?" አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ስልክ ቁጥራቸውን ተቀብዬ ፋይላቸውን ከፈትኩ።

ያኔ የምሠራው አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአክሲዮን ብሮከሮች ድርጅት፣ የቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነበር። ብሮከር ለደንበኛ አንድ ነገር ሲሸጥ ወረቀቱ መጀመሪያ በእኔ እጅ ያልፋል። ቅጹ መሞላቱን፣ ፊርማ መኖሩን አይና ለአለቃዬ እልካለሁ። እሱ ያጸድቃል። የእኚህን እናት ወረቀት ከአንድ ዓመት በፊት ያሳለፍኩት እኔው ነበርኩ። የስሜ መነሻ ፊደላት ጥጉ ላይ አሉ።

ዕድሜ 79። ባላቸው ሞተዋል። ገቢያቸው ጡረታ ብቻ። "ገንዘቡን መቼ ይፈልጉታል?" ለሚለው ጥያቄ "ከ10 ዓመት በኋላ" የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። "ምን ያህል ኪሳራ መሸከም ይችላሉ?" ለሚለው ደግሞ "ከፍተኛ"። ምልክቶቹ ቀጥ ያሉና ጠንካራ ናቸው፣ ወረቀቱን ሊበሱት ምንም አልቀራቸው። ከሥር ያለው ፊርማ ግን ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩን ስቶ ወደ ታች ወርዷል። ሁለቱ የአንድ እጅ ሥራ እንዳልሆኑ ለማወቅ ምንም ሙያ አይጠይቅም። ዓይኔ ሥር ሆኖ ሳላየው አልፌዋለሁ።

የተሸጠላቸው ቫሪያብል አኑይቲ ነው። ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር የሚገባ ውል ሲሆን፣ ገንዘቡ በገበያው ላይ ይውላል፣ እንደ ገበያው ከፍና ዝቅ ይላል። ውሉ በራሱ ሌብነት አይደለም። ገና ብዙ ዓመት የሚሠራና ገንዘቡን የማይነካ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ግን ጊዜው ሳይደርስ ካወጡት ቅጣት አለው። የቅጣቱ ዘመን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዓመት ነው፤ ለምሳሌ ከ7 በመቶ ይጀምርና በየዓመቱ አንድ አንድ እየቀነሰ ይሄዳል። በዓመት ያለ ቅጣት የሚወጣ መጠን አለ፤ እሳቸው ግን ያንን ቀድመው ለጣሪያ ማሳደሻ ጨርሰውታል።

የባሰው ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ነው። ቀድሞም ሌላ አኑይቲ ነበራቸው። የቅጣት ዘመኑ ሊያልቅ 8 ወር ሲቀረው ብሮከሩ "ቦነስ ያለው አዲስ አለ" ብሎ አስፈረሳቸው። አሮጌውን ለማፍረስ ተቀጡ። በአዲሱ የቅጣቱ ዘመን እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ለብሮከሩ ግን ሌላ ኮሚሽን መጣለት። ደግሞ ገንዘቡ ያለው የጡረታ አካውንት ውስጥ ነው። አኑይቲ ከሚወደስባቸው ነገሮች አንዱ ግብርን ማዘግየቱ ነው፤ ያንን ደግሞ የጡረታ አካውንቱ ያለ አኑይቲም ያደርገዋል። ታዲያ ምን ተገዛላቸው?

ደንብ ጠፍቶ አይደለም። የብሮከሮች ተቆጣጣሪ የሆነው ፊንራ ደንብ ቁጥር 2330 ላይ ስለዚህ ዓይነቱ ልውውጥ በግልጽ ጽፏል። ቅጣቱ ይታይ፣ አዲስ የሚጀምረው የቅጣት ዘመን ይታይ፣ ደንበኛው ባለፉት 36 ወራት ሌላ ልውውጥ አድርጎ እንደሆነ ይታይ ይላል። ወረቀቱን ለሚያጸድቀው የድርጅቱ ኃላፊ 7 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። እኛ ያሳለፍነው በዚያው ቀን፣ ከምሳ በፊት ነው።

ብሮከሩ ጋ ሄድኩ። "ፈርመዋል እኮ! ምን አስጨነቀህ?" አለኝ። አልጮኸም፣ አልደነገጠም። በየዓመቱ የልደታቸው ቀን ይደውልላቸው ነበር። እሳቸውም "እንደ ልጄ ነው የማየው" ብለውኛል። እኔን እስካሁን የሚያመኝ ይሄ ነው። ሳያነቡ የፈረሙት ስላልገባቸው ብቻ አይደለም፤ ማንበብ እሱን መጠርጠር መስሏቸው ነው።

ከ70 ዓመት በላይ የሆኑትን ሌሎች ደንበኞቹን ፋይል አወጣሁ። "ከፍተኛ"፣ "ከ10 ዓመት በኋላ"። በያንዳንዱ ላይ ያው ጠንካራ ምልክት። ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አለቃዬን ጠራሁት። ረጅም ጊዜ ቆሞ አያቸው። "እኔም ፈርሜባቸዋለሁ" አለ በመጨረሻ።

የእናትየው ውል ተሰረዘ፣ የተቀጡትም ተመለሰላቸው። ብሮከሩ ተሰናበተ። ለሌሎቹ ደንበኞች ግን ማስተካከሉ ወራት ፈጀ፤ አንደኛው ሳያልቅ አረፉ።

እሳቸው ፋይል ላይ አንድ ባዶ መስመርም ነበር፤ "የሚታመኑ ተጠሪ" የሚለው። ድርጅቱ ችግር ሲጠረጥር የሚደውልለት ሰው ስም ነው። ከ2018 ጀምሮ አካውንት ሲከፈትም ሆነ መረጃው ሲታደስ ይሄንን ስም ለማግኘት መሞከር ግዴታ ነው። ለምን ባዶ እንደሆነ ስጠይቃቸው "ልጅ አለችኝ። ማንም አልጠየቀኝም" አሉኝ። ወላጅ ያላችሁ፣ ያ መስመር መሞላቱን ዛሬ ጠይቁ። የብሮከሩንም ስም ብሮከርቼክ በሚባለው የፊንራ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ፤ በነፃ ነው፣ የቀረበበት ቅሬታ ካለ ይወጣል።

እኔ አሁን የአዛውንት ወረቀት ሲመጣ ሳልደውል አላሳልፍም። ቅጹን አላነብላቸውም። "ይሄን ገንዘብ ለምን አስቀመጡት?" ብቻ ነው የምላቸው። በቀደም አንድ አባት "ለባለቤቴ መታከሚያ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ሆስፒታል ትገባለች" አሉኝ። ፊቴ ያለው ቅጽ "ከ10 ዓመት በኋላ" ይላል። ወረቀቱን ለብሮከሩ መለስኩት።