የላይኛዋ መቼ ትለቀቅ?

ሮኬቷ የመጣችው በሻንጣ ነው። አጎቴ ባለፈው ክረምት ከአሜሪካ ሲመጣ "አንተ መቼም ሰማይ ሰማይ እያልክ ነው ያደግከው" ብሎ አንድ የሞዴል ሮኬት ኪት ሰጠኝ። የካርቶን ቱቦ፣ የፕላስቲክ አፍንጫ፣ ከባልሳ እንጨት የተቆረጡ አራት ክንፎች፣ አንዲት ትንሽ ፓራሹት። ሞተር ግን የለውም። ሞተሩ ባሩድ ነው፤ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም።

ሁለት ወር ሙሉ ካርቶኑን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ሳየው ከረምኩ። በኋላ ቆረጥኩ። በውሃና በታመቀ አየር ትበራለች፤ አየሩ ውሃውን ወደ ታች ሲተፋው እሷ ወደ ላይ ትገፋለች። ደግሞም ባለ ሁለት ደረጃ ትሆናለች፤ አንዷ ሮኬት ሌላዋ ላይ ተደርባ።

ለምን ሁለት? እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ እንጦጦን ተሻግሮ። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ እንጦጦ ላይ ተሰብስበው በቀጥታ ሲከታተሉ የነበሩት ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ሰባ ኪሎ ገደማ የምትመዝነውን ሳተላይት የተሸከመችው ሎንግ ማርች 4ቢ ባለ ሦስት ደረጃ ናት። ነዳጁ ያለቀ ታንክ ሸክም ነው። እሱን ጥሎ የቀረው ቀለል ብሎ ይቀጥላል። ይህን ነገር በገዛ እጄ ሠርቼ ማየት ፈለግኩ።

በባሩድ ሲሆን ዘዴው ቀላል ነው። የታችኛው ሞተር ለምሳሌ "ሲ6-0" ይባላል። ስድስቱ አማካይ ግፊቱ ነው፣ በኒውተን። ዜሮው ደግሞ ምንም የመቆያ ጊዜ የለውም ማለት ነው። ባሩዱ ተቃጥሎ ጫፍ ሲደርስ እሳቱ ወደ ላይ ይፈነዳና የላይኛውን ሞተር ይለኩሳል። በቃ። በውሃ ግን የሚለኮስ ነገር የለም። የላይኛዋ ግፊቷን እንደያዘች መቆየት አለባት፤ የታችኛዋ ስትጨርስ ደግሞ መለቀቅ አለባት። ጭንቁ ሁሉ እዚህ ጋ ነው።

ለታችኛዋ የአንድ ሊትር ተኩል፣ ለላይኛዋ የግማሽ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ወሰድኩ። ሃይላንድ አይሆንም። ስስ ነው፤ ጋዝ እንዲችል ተብሎ አልተሠራም። ሁለቱም የሚቆሙት አፋቸውን ወደ ታች አድርገው ነው። የኪቱን ቱቦና አፍንጫ ትንሿ ጠርሙስ አናት ላይ ለጠፍኳቸው፣ የፓራሹት ቤት ሆኑ። ክንፎቹን ወደ ጠርሙሱ አፍ አወረድኳቸው። ባልሳ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። የእህቴን የጥፍር ቀለም ሦስት ጊዜ ቀባኋቸው፤ እስከ ዛሬ አልተነኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የትልቁን ጠርሙስ ቂጥ በስቼ፣ ከውስጥ በኩል አንድ ጣት የምታህል የጎማ ቱቦ አሰርኩበት። የቱቦዋ ታችኛ ጫፍ ላይ የመኪና ጎማ ቫልቭ አለ። የላይኛዋ ጠርሙስ አፍ ላይ ያሰርኩት ቀጭን ቧንቧ ከላይ ወደ ቱቦዋ ይገባል። ስንነፋ አየሩ መጀመሪያ ትልቁን ይሞላል፣ ከዚያ በቫልቩ አልፎ ትንሿን። የቫልቩ ስፕሪንግ ትንሽ ግፊት ስለሚያስቀር ትልቁ ሁልጊዜ ትንሽ ይበልጣል። ያቺ ትርፍ ግፊት ቱቦዋን ከውጭ ጭብጥ አድርጋ ቧንቧውን ታስይዛለች። ትልቁ ውሃውን ተፍቶ ግፊቱ ሲወድቅ ቫልቩ ይዘጋል፤ ቱቦዋ ከውስጥ ትነፋለች፤ ጭብጡ ይላላል። ሌላ ማስለቀቂያ የለም። ይህን ሲገባኝ ለሊት ሰባት ሰዓት ነበር። ደስ ብሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቱቦዋን ጠርሙሱ ውስጥ ማስገባቱ ግን ግማሽ ቀን ፈጀ። እጅ አይገባም። በመጨረሻ ከተበሳው ቂጥ ክር ሰድጄ በአፉ አወጣሁት፣ ቱቦዋን ከክሩ ጋር አስሬ ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ጫፏ ብቅ ስትል ሮንዴላና ዳዶ አጠበቅኩባት።

ጥር ላይ ጤፍ ከታጨደ በኋላ ባለቤቱን አስፈቅደን ወደ እርሻው ወጣን። እኔና የእህቴ ልጅ። አራት ባር ነፋን፣ አሥር ሜትር ርቀን የማስነሻውን ገመድ ሳብን። ተነሳች። ግን ወዲያው ዞረች፣ ጭራዋን አስቀድማ አንድ ጊዜ ተጠማዘዘች። ሁለቱ አልተለያዩም። የተለያዩት ወደ መሬት ሲመለሱ ነው፤ ትንሿ አፍንጫዋን ወደ ታች እንዳደረገች ለቀቀች። አፈሩ ውስጥ እስከ ክንፏ ገባች። ልጁ ዝም ብሎ ቆፍሮ አወጣት።

ሁለት ጥፋት ነበረብኝ። አንደኛው ሚዛን ነው። ከታች ውሃ የያዘ ጠርሙስ ስጨምር ክብደቷ ወደ ጭራ ሄደ፤ ክንፎቹ ግን ያው ናቸው። ከወፍራም ፕላስቲክ ሰፋፊ ክንፎች ቆርጬ ለታችኛዋ ጨመርኩላት፣ አፍንጫው ውስጥ ሳንቲም አስገባሁ። ከዚያ ውሃዋን እንደያዘች ክብደቷ የሚመዛዘንበት ቦታ ላይ በገመድ አንጠልጥዬ ግቢ ውስጥ አሽከረከርኳት። አፍንጫዋን አስቀድማ ዞረች። ከመብረሯ በፊት የሚደረግ ፈተና ይሄ ነው፤ ማንም ሰው መዝለል የለበትም።

ሁለተኛው የጎማ ቱቦው ነው። መንገድ ዳር ላሉት ጎሚስታ አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው ጨመቅ አደረጉት።

"ይሄ ደረቅ ነው ልጄ። እንዴት ይለቃል?"

"ጋሼ፣ ለስላሳ ያለ ይገኛል?"

ከአሮጌ ዕቃ መሃል ፈልገው አንድ ቁራጭ ሰጡኝ፤ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ሲጫኑት እንደ ጆሮ ቅጠል የሚታጠፍ ነው።

በሁለተኛው ቀን ገና ስንነፋ ሾልካ ሄደች። ቧንቧውን ግማሽ ሴንቲ አስረዘምኩት።

ሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ነፋስ የለም። ከመንገዱ ማዶ ሯጮች ልምምድ ላይ ናቸው። ገመዱን ልጁ ሳበው። የታችኛዋ ውሃዋን ተፍታ ቀጥ ብላ ወጣች። ከዚያ ቆም ያለች መሰለኝ፤ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰች ጊዜ። ሁለተኛ ፍሽታ ሰማሁ። ከላይ ነጭ የውሃ ጭራ ተዘረጋ፣ ትንሿ ከውስጡ ወጥታ ሄደች። ትልቁ ጠርሙስ እየተገለባበጠ አጠገባችን ወደቀ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም።

"ጋሼ፣ ለቀቀች! ለቀቀች!"

ጫፍ ላይ ስትዘም አፍንጫው ወለቀ፣ ፓራሹቷ ተከፈተች። ልጁ በባዶ እግሩ የጤፉን ቃርሚያ እየረገጠ ተከትሏት ሮጠ።