ጠርዙ የለሰለሰ የጡት ዕጢ፦ ሊምፎማን መጠርጠርና ናሙናውን ከደሴ በደህና ማድረስ

ማሞግራፊው (የጡት ራጁ) ላይ ካልሲየም የለም፣ እሾህ መሰል ጫፍም የለም። አልትራሳውንዱ የሚያሳየው ሞላላ፣ ጠርዙ የለሰለሰ ጥቁር ዕጢ ነው። «ፋይብሮአዲኖማ (ካንሰር ያልሆነ የጡት ዕጢ) ይመስላል፤ በስድስት ወር ይታይ» ብዬ ጻፍኩ። በስድስት ሳምንት እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ከጡት የሚነሳ ሊምፎማ (የነጭ ደም ሴል ካንሰር) ከጡት ካንሰሮች ሁሉ ከመቶ 0.5 አይሞላምና ማንም አይጠብቀውም፤ እኔን ያዘናጋኝ ግን የዋህ መልኩ ነው።

አሁን ፕሮቡን (የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ) ከማንሳቴ በፊት «እትዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ያደገብዎት?» እላለሁ። መልሱ በሳምንት የሚቆጠር ከሆነ፣ በተለይ ዕድሜያቸው ከ40 ካለፈ፣ ፋይብሮአዲኖማ ብዬ አልዘጋም።

ሊምፎማ አንዳንዴ ከጥቁረቱ የተነሳ ውኃ የቋጠረ ይመስላል፤ ከኋላውም ያበራል። ስለዚህ ጌኑን (የምስሉን ብርሃን) ከፍ አድርጌ ውስጡን አያለሁ፤ ከዚያ ዶፕለሩን (የደም ፍሰት ማሳያውን) በዝቅተኛ የፍሰት ፍጥነት ላይ አደርጋለሁ። ፕሮቡን መጫን አይገባም፤ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይዘጉና «ደም የለውም» ያሰኛል። ውስጡ የሚዘዋወር ደም ከታየ ውኃ አይደለም። ሁለቱንም ጡት፣ ሁለቱንም ብብት አያለሁ፤ የንፍፊቱ ቅርፊት ከ3 ሚሊ ሜትር ከወፈረና መካከሉ ያለው ነጭ ስብ ከጠፋ እመዘግባለሁ። በነፍሰ ጡርና በአራስ ሴት ሁለቱም ጡት ባንድ ጊዜ ሲያብጥ በርኪት ሊምፎማ (በጣም ፈጥኖ የሚያድግ የሊምፎማ ዓይነት) መታሰብ አለበት። የጡት ብግነት ተብሎ ታክሞ መግል ሳይገኝ፣ አንቲባዮቲክም ሳይረዳ ሳምንት ሁለት ሳምንት ካለፈ ሌላ አንቲባዮቲክ መቀየር ጊዜ ማባከን ነው።

በቀጭን መርፌ ብቻ መውሰድ አይበቃም። የተበታተኑ ሴሎች ስለሚወጡ መልሱ «ብግነት» ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እኔ በ14 ጌጅ ኮር መርፌ (ሙሉ የሥጋ ቁራጭ በሚያወጣ ወፍራም መርፌ) ከ4 እስከ 6 ቁራጭ እወስዳለሁ። የሊምፎማ ሴል በቀላሉ ይጨፈለቃል፤ ቁራጩን በፒንሴት አልይዝም፣ መርፌውን ፎርማሊኑ (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ፈሳሽ) ውስጥ አወዛውዤ አራግፈዋለሁ። ከናሙናው በፊት ስቴሮይድ (ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን) መስጠት ዕጢውን አሟሙቶ ምርመራውን ያበላሻል። ይህን ስህተት መመለስ ከባድ ነው።

ፎርማሊኑ ራሱ ብዙ ናሙና ገድሏል። ለ1 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር የጠርሙሱ ፎርማሊን (ከ37 እስከ 40 በመቶ ያለው)፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክ እና 6.5 ግራም ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት ነው። ፎስፌቱ ከቀረ አሲድ ይሆንና ሥጋው ላይ ጥቁር ቅንጣት ያስቀራል። መጠኑ ከቁራጩ ቢያንስ 10 እጥፍ፣ ቆይታው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ይሁን። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዓርብ ከሰዓት የተወሰደ ናሙና በቀላሉ ገደቡን ያልፋል። ስለዚህ ቁራጩ እዚሁ በሰም ተቀብሮ ብሎኩ (የሰም ቁራሹ) ቢሄድ ይሻላል። ኮምቦልቻ ሲደረስ ሙቀቱ ይበረታልና ብሎኩ የመኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አይቀመጥ።

መጠየቂያው ላይ «ሊምፎማ ተጠርጥሯል፤ ሲዲ45፣ ሲዲ20፣ ሲዲ3፣ ሳይቶኬራቲን፣ ኬአይ-67 ይሠራ» ብዬ እጽፋለሁ፤ እነዚህ የሴሉን ዓይነትና የመባዛት ፍጥነቱን የሚለዩ የቀለም ምርመራዎች ናቸው። ይህ ካልተጻፈ በቅድሚያ የሚሠራው የተለመደው የጡት ካንሰር የሆርሞን ተቀባይና የኸር-2 ፕሮቲን ምርመራ ነው፤ ሁሉም ኔጌቲቭ ሲሆን «ትሪፕል ኔጌቲቭ ካንሰር» ይባላል፣ ቁራጩም ያልቃል።

ሊምፎማ መሆኑ ሲረጋገጥ ከአንገት እስከ ዳሌ ሲቲ ስካን ይነሳል፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ ጡት ላይ ያረፈ ሊሆን ይችላልና። በደም ኤልዲኤች (በሊምፎማ ከፍ ሊል የሚችል ኢንዛይም) እና ኤችአይቪ፣ ሪቱክሲማብ የተባለው የሊምፎማ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ ይታያል። ሕክምናው በአብዛኛው ኬሞቴራፒ ነው፤ ጡት መቁረጥ ለዚህ በሽታ አይጠቅምም። ናሙናውን በወሰድኩበት ቀን ለቀዶ ሐኪሙ ደውዬ የፓቶሎጂው ውጤት ሳይደርስ ቀጠሮ እንዳይዝ እነግረዋለሁ።